የሦስተኛው ማቀዝቀዣ ሙቀት

መምህሩ የሞቱት ልክ የአራት ሰዓቱ የእረፍት ደወል ሲደወል ነው። ኋለኛው ደረጃ ግርጌ፣ በጀርባቸው ተዘርግተው፣ ነጩ ጋዋናቸው ደም ጠጥቶ ተገኙ። ሃያ ዓመት ሙሉ ለሕዝብ ጤና የላብራቶሪ ባለሙያ ሲያሠለጥኑ የኖሩ ሰው ናቸው።

መርማሪዋ ስትደርስ ጥፋተኛው ተመርጦ ጠበቃት፤ ባልዲዋን ታቅፋ የቆመች የጽዳት ሠራተኛ። ስለዚህች መርማሪ ብዙ ይወራል። ዝንብ በአጠገቧ ካለፈች ምሳዋን የት እንደበላች ትናገራለች ይላሉ። እሷም አስተባብላ አታውቅም።

«ደረጃውን አጥበሽው ነው ያዳለጣቸው ይላሉ።»

«እህቴ፣ እኔ ደረጃው ጋ መቼ ደረስኩ? ኮሪደሩን እየወለወልኩ ነው ደወሉና ጓ ያለው ነገር እኩል የተሰሙኝ። ሦስት ልጆች አሉኝ፤ ብታሰር ማን ያያቸዋል?»

መርማሪዋ ጎንበስ ብላ የሟቹን ጫማ ሶል በጣቷ ዳበሰች። ደረቅ አቧራ። ከኪሳቸው ደግሞ የተሰባበረ ቴርሞሜትር አወጣች፤ «ቁጥር 3» የሚል ወረቀት ተለጥፎበታል። በመሀረቧ ጠቀለለችው።

በዚያ ሰዓት ከጽዳት ሠራተኛዋ ሌላ ሕንፃው ውስጥ የነበሩት ሁለት ሠልጣኞች ብቻ ናቸው። በሳምንቱ ተመርቀው ወረርሽኝ ወደበረታበት ጤና ጣቢያ ሊላኩ ነበር።

ሎጋዋ ልጅ ዓይኗ አብጧል። «ማይክሮስኮፕ ላይ ነበርኩ። ያየኝ ሰው የለም» አለች።

ጓደኞቹ «አንደኛ» የሚሉት ወጣት ግን ዘና ብሏል። «እኔ እንኳ ማስረጃ አለኝ። የሦስተኛውን ማቀዝቀዣ ሙቀት እያነበብኩ ነበር። በሩ ላይ ያለውን ቅጽ ይዩት፤ አራት ሰዓት፣ አራት ዲግሪ፣ ፊርማዬ።»

«በዓይንህ አይተህ?»

«ታዲያ በጆሮዬ ልየው እንዴ?»

መርማሪዋ ሦስቱንም ሰዎች ሦስተኛው ማቀዝቀዣ ፊት ሰበሰበች።

«መምህሩን አላዳለጣቸውም፤ ሶላቸው ደረቅ ነው። ወደኋላ የወደቁት ፊት ለፊታቸው የቆመ ሰው ገፍቷቸው ነው። አንደኛ፣ እስቲ ክፈተው።»

ከፈተው። የናሙና ብልቃጦች ተደርድረዋል። ቴርሞሜትር የለም።

መሀረቧን ፈታች። «ደወሉ ሲደወል ይሄ እሳቸው ኪስ ውስጥ ነበር። ሳያይ የሚጽፈውን ሊይዙ ቀድመው አውጥተውታል። አንተ ደግሞ እዚህ ቆሜ አነበብኩት አልክ። ሰው ያልነበረበት ቦታ ነበርኩ የሚለው፣ የነበረበትን ሊደብቅ ሲፈልግ ነው።»

የአንደኛ ከንፈር አመድ መሰለ። «ደረጃው ላይ አስቆሙኝ። ‹ያላየኸውን ቁጥር ትጽፋለህ፤ እጅህ ላይ ሰው ያልቃል፤ አትመረቅም› አሉኝ። ቴርሞሜትሩን ግን አላሳዩኝም።»

«አላሳዩህም። ለውሸትህ ብለህ እንኳ በሩን አንዴ ብትከፍተው ኖሮ መጉደሉን ታይ ነበር።»

ፖሊሶች ወሰዱት። የጽዳት ሠራተኛዋ ባልዲዋን መሬት አስቀምጣ ያኔ ገና አለቀሰች።

የስድስት ሰዓቱ ንባብ ተራ የሎጋዋ ልጅ ነበር። በሩን ከፈተች። ባዶውን ቦታ ትክ ብላ አየችው። ከዚያ ከአንደኛ ፊርማ ሥር ጻፈች፦ «ቴርሞሜትር የለም። አልተነበበም።»