አንድ ቴላዮ ይተርፋል

«ቴላዮ ምንድነው?» አለ የኬሚስትሪ መምህሩ፣ አምስት የፈተና ወረቀቶች ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ።

በምክትል ርዕሰ መምህሩ ቢሮ ውስጥ የተሰለፉት አምስት ተማሪዎች እርስ በርስ ተያዩ።

መምህሩን ተማሪዎቹ «ሊትመስ» ይሉታል። ሲቆጣ ፊቱ አሲድ እንደነካው ሊትመስ ወረቀት ባንዴ ስለሚቀላ ነው። ዛሬ ግን ቀላ ማለት ያንሰዋል። ቲማቲም አጠገቡ ቢቀመጥ «ምነው ገረጣሁ?» ብሎ ሐኪም ቤት ይሄድ ነበር።

ፔዳል ከአምስቱ ተከሳሾች መሀል ቆማ ቀኝ እግሯን ታወዛውዛለች። ቅጽል ስሟን ያወጣላት ይህ እግር ነው፤ ተኝታ እንኳ አያርፍም። ዲናሞ ቢገጠምለት ሰፈሩን አብርቶ ለጎረቤት ሰፈር ይተርፍ ነበር።

«አንተ!» ሊትመስ አጠገቧ ወደቆመው ልጅ ጣቱን ቀሰረ። «‹ጎማው ስለሚያልቅ አንድ ቴላዮ ይተርፋል› ብለህ ጽፈሃል። ኬሚስትሪ ፈተና ላይ! ምንድነው ይሄ? የምስጢር ኮድ ነው?»

ልጁን ፍሬን ይሉታል። ፍሬን የተባለው ስለሌለው ነው፤ አፉ አንዴ ከተነሳ ማቆሚያ የለውም።

«ቲቸር፣ ቴላዮ ማለት የሳይክል አጽም ነው፤ ማለቴ ኦክስጅን ነው፤ ማለቴ ኦክስጅን ቴላዮ አይደለም፣ እኛ ስናጠና ግን ቴላዮ ነበር፤ ሃይድሮጅን ደግሞ ጎማ ነው፤ እና ጎማው ሲያልቅ ቴላዮው ብቻውን...»

«በቃ!» አሉ ምክትሉ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ፈተናው ላይ አራት ሞል ሃይድሮጅን ከሦስት ሞል ኦክስጅን ጋር ቢዋሃድ ስንት ሞል ውሃ እንደሚገኝና ምን እንደሚተርፍ ተጠይቆ ነበር። መልሱ አራት ሞል ውሃ ነው፤ አንድ ሞል ኦክስጅን ይተርፋል። አምስቱ ልጆች የሚተርፈውን አግኝተውታል። ውሃውን ግን አምስቱም «ሁለት» ብለውታል። ከተፈታኙ ሁሉ ሌላ «ሁለት» ያለ አንድም ነፍስ የለም።

«ትክክሉን ብዙ ሰው ሊያገኘው ይችላል፤» አለ ሊትመስ። «አምስት ሰው እንደ አንድ ሰው የሚሳሳተው ግን ሲኮርጅ ነው።»

«መንትዮቹ የተፈተኑት እኮ ሌላ ክፍል ነው!» ይህን ያለችው ጠበቃ ናት፣ የፔዳል የልብ ጓደኛ። ጠበቃ ከግድግዳ ጋር ብትከራከር ግድግዳው ይቅርታ ይጠይቃታል። «ግንብ አሳብረው ነው የኮረጁት?»

ከኋላ የቆሙት መንትያ ወንድማማቾች እኩል ራሳቸውን ነቀነቁ። እናታቸው ብታይ እልል ትል ነበር፤ በአንድ ነገር ሲስማሙ አይታ አታውቅም።

ምክትሉ መነጽራቸውን አወለቁ። «እንዲያ ከሆነማ ጥያቄው ቀድሞ እጃችሁ ገብቷል ማለት ነው። ይሄ ደግሞ ከኩረጃም ይብሳል።»

ጠበቃ ማዳን ፈልጋ ገደል ከተተቻቸው።

ምክትሉ ወደ ፔዳል ዞሩ። ድምፃቸው ማር የተቀባ ቢላዋ ሆነ። «አንቺ በኬሚስትሪ አንደኛ ነሽ። ለልዩ የሳይንስ ክፍል ታጭተሻል። አንድ ጥያቄ ብትስቺ ምንም አይደል። ነገ ጠዋት መጥተሽ ‹ኮርጀውብኛል› ካልሽ ያንቺ ነጥብ አይነካም። ካልሽ ብቻ ነው ታዲያ። አለበለዚያ አምስታችሁም ዜሮ ናችሁ፤ ልዩ ክፍሉንም እርሺው። እስከዚያው አንድ ላይ ስታጠኑ እንዳላይ!»

የፔዳል እናት ሳይክል ጠጋኝ ናት። ሱቋ ከቁም ሣጥን ትንሽ ይሰፋል፤ ግን ከጣሪያው የተንጠለጠለው ጎማ፣ ከግድግዳው የተደገፈው ቴላዮ፣ በየቆርቆሮው የታጨቀው ብሎን የዓለምን ሳይክል ሁሉ ፈቶ መልሶ ለመግጠም ይበቃል። አምስቱ ልጆች ዓመቱን ሙሉ ያጠኑት እዚህ ነው። ሕጋቸው አንድ ብቻ ነው፦ የገባው ላልገባው ያስረዳል፣ ያውም አጠገቡ ባገኘው ዕቃ። ኬሚስትሪ የፔዳል ነው፤ ፊዚክስ የፍሬን።

«ምን አሏችሁ?» አለች እናቷ፣ ከተገለበጠ ሳይክል ሥር ቀና ብላ።

«ኮራጆች።»

«ኮራጅ ማለት ደብተር የያዘ ሌባ ነው።» እናትየው እጇን በጨርቅ ጠረገች። ፔዳል የምክትሉን ቃል ስትነግራት አዳምጣ ወደ ሥራዋ ተመለሰች። «ስሚ የኔ ልጅ። ነጥብሽን ይዘሽ ውጪ።»

«እማዬ!»

«ምን እማዬ? ልጆቹን እወዳቸዋለሁ። ያ ለፍላፊው እንኳ ሲቀር ይናፍቀኛል። ግን እነሱ ትምህርቱን ይደግሙታል፤ ልዩ ክፍሉ አንቺን ቆሞ አይጠብቅም። እኔ ከሰው ጎማ ጋር ስታገል የኖርኩት አንቺም ጎማ እንድትነፊ ነው?»

ፔዳል ልዩ ክፍሉን ትፈልገዋለች፤ ቤተ ሙከራ ያለው እሱ ብቻ ነው። እስካሁን አሲድ የምታውቀው በሥዕል ነው።

የታዘዙትን ለመጣስ ብዙ አልቆዩም፤ አራቱ ጓደኞቿ ተከታትለው ገቡ። ፍሬን ገና በሩን ሳያልፍ ጀመረ።

«አስቤበታለሁ። እኔን ስጪያቸው። ‹እሱ ነው የኮረጀው፣ ከእሱ ደግሞ ሌሎቹ› በይ። ኬሚስትሪ እንደሆነ ድሮም አይወደኝም፣ እኔም አልወደውም፣ ተፋተን...»

«ኮርጀሃል?»

«አልኮረጅኩም፤ ግን...»

«አልኮረጅክማ! እና ያላደረግከውን አደረግሁ የምትለው እኔ ሞቼ ነው?»

«እሺ ታዲያ ለምን አንድ ላይ ተሳሳትን?» አለች ጠበቃ። «እሱን ካልመለስን ማን ያምነናል?»

ፔዳል ይህን ጥያቄ ስትሸሸው ውላለች። ያስተማረቻቸው እሷ ናት። አራት ጎማ ከጣሪያ አወረደች፣ ሦስት ቴላዮ ከግድግዳ ጎተተች፣ ልክ ያን ቀን እንዳሳየቻቸው መሬት ላይ ደረደረች። ሁለት ጎማ ለአንድ ቴላዮ። ሁለት ጎማ ለሁለተኛው። ጎማ አለቀ፣ አንድ ቴላዮ ተረፈ። ሳይክሉም ሁለት። ሲያዩት ከዚህ በላይ ልክ የሆነ ነገር በምድር ላይ የለም።

የኬሚስትሪውን እኩልታ በጠመኔ ወለሉ ላይ ጻፈችው። ሁለት ሃይድሮጅን፣ አንድ ኦክስጅን፣ ሁለት ውሃ።

«ሁለት ውሃ!» አለ አንደኛው መንትያ።

«እና?» አለ ሌላኛው፤ ወዲያው መቃወም አለበት።

ፔዳል ዓይኗን ከተረፈው ቴላዮ ላይ ሳትነቅል ቆየች። ከዚያ ሳቋ ፈነዳ። የሱቁ ብሎኖች በየቆርቆሯቸው ውስጥ የጨፈሩ እስኪመስል ሳቀች።

«ኦክስጅን ጥንድ ሆኖ ነው የሚመጣው! ሲዋሃድ ለሁለት ይሰነጠቃል፤ ግማሹ አንድ ውሃ፣ ግማሹ ሌላ ውሃ ይሆናል! ቴላዮ ግን አይሰነጠቅም! ከአንድ ቴላዮ አንድ ሳይክል ብቻ ነው የሚወጣው። ውሃውን በሳይክል ስለቆጠርነው ነው ግማሹን የበላነው!»

«የእኔን ቴላዮ ሰንጥቂና አንቺን እሰነጥቅሻለሁ» አለች እናቷ ከጥግ።

ሳቁ ሲበርድ ፔዳል ጠመኔውን አስቀመጠች። «እኔ ነኝ ያሳሳትኳችሁ።»

«ሼም ነው» አለ ፍሬን። «አንደኛዋ ተማሪ!» እና ከዚያ በላይ አልተናገረም፤ ለእሱ ይህ ከጾም ይቆጠራል።

በማግስቱ ጠዋት እናቷ ስትነቃ ፔዳል ሁለት ጎማ ትከሻዋ ላይ አንጠልጥላ፣ ቴላዮ ለመሸከም ትታገላለች። እናትየው ቴላዮውን ከላይ እስከ ታች መረመረችው።

«ሰማያዊውን መልሺ፤ የደንበኛ ነው» አለች እናትየው በመጨረሻ። «ቀዩን ውሰጂ። ተጭሮ ቢመጣ ግን ምክትል ሳይሆን ሚኒስትር አያስጥልሽም።»

አምስቱ ቀዩን ቴላዮና ጎማዎቹን ተቀባብለው ግቢውን ሲያቋርጡ ትምህርት ቤቱ በሙሉ በመስኮት ተንጠለጠለ። ንጉሥ ዘውድ ሲጭን እንኳ ያን ያህል ሕዝብ አይወጣም። ዘበኛው ሳይቀር በሩን ክፍት ትቶ ተከተላቸው።

ምክትሉ ቴላዮው ቢሯቸው ሲገባ ከወንበራቸው ብድግ አሉ። ሊትመስም እዚያው ነበር።

«አልኮረጁም» አለች ፔዳል። «እኔ አስተማርኳቸው። የተሳሳትኩት እኔ ነኝ፤ እነሱ ያስተማርኳቸውን ከሚገባው በላይ ተምረዋል።» ጎማዎቹን ወለሉ ላይ አጋደመች፣ ስህተቷን ከጫፍ እስከ ጫፍ አሳየች።

ሊትመስ እጁን አጣጥፎ አየ። «አንቺ ውጪ» አለ፣ ወደ ፍሬን እየጠቆመ። «ያኛው ያስረዳኝ።»

ፔዳል ከበሩ ውጪ ቆማ ጆሮዋን ከበሩ ላይ ለጠፈች። ፍሬን እንዳይለፈልፍ በልቧ ለመነች። ከውስጥ የተሰማው ድምፅ ግን ረጋ ያለ ነበር፦ «ኦክስጅን ይሰነጠቃል፣ ቴላዮ አይሰነጠቅም። ስለዚህ ውሃው አራት ነው፣ የሚተርፈው ያው አንድ።»

ተመልሳ ስትገባ የሊትመስ ፊት ቅላቱ ለቆት ነበር። «ስህተቱ ያው ስህተት ነው» አለ። «የዚያን ጥያቄ ነጥብ አልመልስም።»

«ነጥቡን ማን ጠየቀ ቲቸር? የጠየቅነው ስማችንን ነው» አለች ፔዳል።

ሊትመስ ሊስቅ ነው ወይስ ሊቆጣ፣ ሳይለይ ምክትሉ ቀደሙት። «እኔ በሳይክል አልታለልም። ዛሬ ከሰዓት ፊዚክስ አላችሁ። አንድ ክፍል ውስጥ ተራርቃችሁ ትቀመጣላችሁ፣ ወረቀታችሁን ራሴ አያለሁ። አሠራራችሁ ካልተመሳሰለ ይሄን ጉዳይ እዘጋዋለሁ። አሁንም መጽሐፉ ላይ የሌለ አንድ ዓይነት ነገር ካገኘሁ ግን በሁለቱም ፈተና ዜሮ! ጨርሻለሁ።»

ከፈተናው በፊት የነበረችውን የዕረፍት ሰዓት ሌላ ልጅ ቢሆን ተደብቆ ያሳልፋት ነበር። እነሱ የተቀመጡት ከምክትሉ መስኮት ሥር፣ መጋረጃው ከተገለጠበት በኩል ነው። ቦታውን የመረጠችው ፔዳል ናት።

ፍሬን መሬቱን በእንጨት ጫረ። «ሁለት ሬዚስተር ጎን ለጎን ሲገጠም አጠቃላይ ተቃውሞው ከትንሹም ያንሳል። አይገባም አይደል? እሺ፣ ዳቦ ቤት አስቡ። አንድ መስኮት፣ ረጅም ወረፋ። ባለቤቱ ሌላ መስኮት ቢከፍት ወረፋው ይፈጥናል እንጂ ይዘገያል? የሁለተኛው መስኮት ሻጭ ቀርፋፋ ቢሆን እንኳ፣ ኤሊ ቢሆን እንኳ፣ ጥቂት ሰው ይቀንሳል።»

ሁሉም ገባቸው። ፔዳል ግን ከትናንት ወዲህ ሞኝ አይደለችም። «የት ላይ ነው የሚዋሸው?»

«ምኑ?»

«ዳቦ ቤቱ። ሳይክሉ ቴላዮው ላይ ዋሽቶናል። ይሄስ?»

ፍሬን ራሱን አከከ። «ዳቦ የገዛ ሰው ቤቱ ይሄዳል። ኤሌክትሮን ግን ዞሮ መጥቶ እንደገና ወረፋ ይይዛል።»

«ሆዳም ነው በቃ» አለ አንደኛው መንትያ።

«ሥራ ወዳድ ነው» አለ ሌላኛው።

ጠበቃ ብቻ አልሳቀችም። «ስሙኝ። ዛሬ ወረቀት ላይ ዳቦ ቤት እንዳይታየኝ። ቀመሩን እንደ መጽሐፉ ጽፋችሁ ውጡ። ሰውየው የሚፈልገው አምስት ወረቀት ላይ አንድ ዳቦ ቤት ማግኘት ነው፤ እጃችንን ይዘን አንስጠው።»

እውነቷን ነበር። መልስ የሰጣት ሳይኖር ደወሉ ተደወለ።

አራቱን በአራቱ ጥግ፣ ፔዳልን መሀል ላይ አስቀመጧቸው። ማንም የማንንም ወረቀት ለማየት የንስር ዓይንና የቀጭኔ አንገት ያስፈልገው ነበር። ምክትሉ በወንበሮቹ መሀል ሲመላለሱ ጫማቸው እንደ አይጥ ይጮኻል።

አምስተኛው ጥያቄ ስድስት ኦምና ሦስት ኦም ጎን ለጎን ተገጥመው አጠቃላይ ተቃውሞው ስንት እንደሆነ ይጠይቃል። ሁለት ኦም፤ ፔዳል ወዲያው ጻፈችው። ከሥሩ ግን ሌላ መስመር ነበር፦ «ውጤቱ ከሁለቱም ለምን እንዳነሰ በራሳችሁ አባባል አስረዱ።»

የመጽሐፉን ዓረፍተ ነገር በቃሏ ታውቀዋለች። ነጥብና ነጠላ ሰረዙን ጭምር። እሱን ብትጽፍ ማንም ምንም አይላትም። ልዩ ክፍሉም፣ ቤተ ሙከራውም እዚያው ይጠብቃታል። ብዕሯን ለመጀመሪያው ቃል አስጠጋች።

የእሷ አባባል ግን እሱ አይደለም።

ቀና አለች። ፍሬን ጥጉ ላይ አጎንብሷል፣ ጀርባው ብቻ ይታያል። ምን እየጻፈ እንደሆነ አታውቅም። የጠበቃንም፣ የመንትዮቹንም አታውቅም። ሁሉም የመጽሐፉን ጽፈው እሷ ብቻ ትቀር ይሆናል። ወይም አምስቱም አንድ ነገር ጽፈው አብረው ይወድቁ ይሆናል።

ወረቀቱ ላይ አንድ ትንሽ መስኮት ሣለች። ከፊቱ ረጅም ወረፋ። ከዚያ ሁለተኛ መስኮት።

የጫማው ጩኸት አጠገቧ ሲደርስ ቆመ፣ የምክትሉ ጥላ ወረቀቷ ላይ አረፈ። ፔዳል በክንዷ አልሸፈነችውም። በደንብ እንዲያዩት ወረቀቱን ትንሽ ወደ እሳቸው ገፋ አደረገችና፣ ከሁለተኛው መስኮት ኋላ ቀርፋፋውን ሻጭ መሣል ጀመረች።