ቀድማ የተጻፈችው መጨረሻ

ደራሲው አናዲናት ቻክላደር ምሳ በልተው ጋደም እንዳሉ አልነቁም። ኢንስፔክተር ማንዲራ ሃጅራ ወደዚያ የካልካታ ቤት ስትጠራ፣ የገደላቸው ከልክ ያለፈ የልብ መድኃኒታቸው መሆኑን ሐኪሙ አረጋግጦ ነበር። ራሳቸው ወሰዱት ወይስ ሰው አጠጣቸው? የቀረው ይህ ነው።

ሟቹ በየዓመቱ ለዱርጋ በዓል መጽሔት አንድ ልቦለድ ይጽፋሉ። የታሪኩን ሂደት በካርድ በካርድ ከፋፍለው፣ በክፍሉ ውስጥ በተወጠረ ገመድ ላይ በልብስ መቆንጠጫ ይሰቅሉታል፤ መነሻው በግራ፣ መደምደሚያው በቀኝ። በቀኝ ጫፍ ያለችው የመጨረሻዋ ካርድ እንዲህ ትላለች፦ «ደራሲው ታሪክ አለቀበት። መድኃኒቱን ጠጥቶ ተኛ።»

ልጃቸው ቶርሻ ካርዷ ሥር ተኮራምታ ተቀምጣለች። «ጠዋት ተጣልተን ነበር። ‹ከእኔ ይልቅ ለወረቀት ሰዎችህ ታስባለህ› አልኩት። እኔ ነኝ የገደልኩት፣ እህቴ!»

«ተይ እንጂ፣ ገና ምን ታውቆ» አለቻት ማንዲራ። አንጀቷን በልታታለች። ከዚህ ጥፋተኝነት ካላወጣኋት ይህቺ ልጅ ሰው አትሆንም ስትል አሰበች።

ቀጥላ የሟቹን ተማሪ ፕራቱልን ጠየቀችው።

«አንድ ታሪክህን ሰርቀው አሳትመዋል ይባላል።»

«አንድ ያሉት ሰዎች ሸፍነውላቸው ነው፤ ሁለት ነው!» አለ ፕራቱል በምሬት። «ሙያቸውን ግን አልክድም። መጀመሪያ የሚያስጽፉት መጨረሻውን ነው። ያቺን ካርድ ሌላ ሰው እንዳያያት ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙረው ይሰቅሏታል፤ ከዚያ ወደ ግራ፣ ወደ ኋላ እየሄዱ መነሻው ላይ ይደርሳሉ። የዘንድሮውን ለመጨረስ አራት ወር ፈጀባቸው።»

«የሚያስጽፉት ማንን ነው?»

«እትዬ ሄምላታን ነዋ፣ ባለቤታቸውን። የመምህሬ እጅ ይንቀጠቀጣል። እኔንማ ካርዱን ማን ሊያስነካኝ!»

ወይዘሮ ሄምላታ ማንዲራ ስትገባ ፊታቸውን ወደ ድምፅዋ አዞሩ። «ማን ልበል? ዓይኔን ሞራ ጋርዶብኛል።»

«ድንገት ነው የያዘዎት፣ እትዬ?»

«ከበጋው ጀምሮ ቀስ በቀስ። ቢሆንም መጻፌን አልተውኩለትም።»

ማንዲራ ወደ ገመዱ ተመልሳ ከቀኝ ወደ ግራ ካርዶቹን አንድ በአንድ አየች። ከመጨረሻዋ ቀጥሎ ያለችው ካርድ ክፍሉ ውስጥ ማታ ማታ በሚጨሰው የትንኝ ማባረሪያ ብጫ ሆናለች፤ ጽሕፈቷ ደቃቅ ነው። ወደ ግራ በሄደች ቁጥር ወረቀቱ እየነጣ፣ ፊደሉ እየተለቀ ሄደ። የመጨረሻዋ ካርድ ግን ከሁሉም ነጭ ናት፤ ፊደሎቿም ከሁሉም ትልልቅ። ማንዲራ ያየችውን ባታይ ደስ ባላት ነበር።

ሦስቱንም ሰበሰበቻቸው።

«መጨረሻዋ ቀድማ ከተጻፈች» አለች፣ «ከሁሉም በላይ ብጫ መሆን ነበረባት፤ ፊደሏም ከሁሉም መድቀቅ። ይህቺ የተጻፈችው ሰሞኑን ነው። የዱሮዋ ተነስታለች። ፕራቱል አስመስሎ ጽፎ ቢሆን አጠገቧ ያለችውን አይቶ ያደቀው ነበር፤ ወረቀቷንም ጭስ ያስነካት ነበር። የጻፋት ሰው ብጫውን ከነጩ የማይለይ ነው። ፊደሉም ዓይኑ በደከመ ቁጥር እየተለቀ የመጣው ያው እጅ ነው።»

ቶርሻ ቀና አለች። «ባባ ራሱን አላጠፋም ማለት ነው?»

«አላጠፉም። አንቺም አልገደልሻቸውም።»

ቶርሻ በረጅሙ ተነፈሰች። ወዲያው የተባለው ገባትና ወደ እናቷ ዞረች።

«እኔ ነኝ» አሉ ሄምላታ። «መድኃኒቱን ፈጭቼ በማንጎ ጭማቂ ሰጠሁት። ኢንስፔክተር፣ ልጄ፣ አመንኩልሽ አይደል? ውሰጂኝ። ካርዶቹን ግን ቶርሻ ፊት አታንብቢያቸው፤ በልጅሽ ሞት!»

ማንዲራ እጇን ወደ ገመዱ ሰደደች። ግን ቶርሻ ቀድማት ቆማ ነበር። አባቷን አኩርፋ እስከዚያች ቀን አንዲት ካርድ እንኳ አንብባ አታውቅም።

«ልጅ ያጡ ባልና ሚስት» ስትል ከግራ ጀመረች። «በጎርፉ ዓመት የመጣች ሠራተኛ። ሴት ልጅ ወልዳ ሞተች። ባልና ሚስቱ ሰፈር ቀየሩ። ልጅቷ አደገች፤ እናቴ ከምትላት ሴት ሌላ የምትወደው ሰው የለም...» ድምፅዋ እየቀነሰ ሄደ።

«ያንቺን ምስጢር እንዳያወጣ እግሩ ላይ ወድቄ ለመንኩት!» አሉ ሄምላታ። «‹ሦስተኛው ክፍል ያለ እሱ አይቆምም› አለኝ። አለቀ። አይቆምም!»

«የደራሲ ልጅ እኮ ነኝ፣ እማ» አለች ቶርሻ። «ሁለቱን ክፍል ካነበብኩ ሦስተኛው አይጠፋኝም።»

ማንዲራ ልጅቷን ከአንዱ መከራ አወጣሁ ስትል ከባሰው ጥላታለች፤ ሁለቱንም ማስቀረት አልቻለችም።

ውጭ ዝናቡን ለቆታል። ሄምላታ ተነስተው ጫማቸውን በእግራቸው ሲዳብሱ ቶርሻ ጎንበስ አለችና አጠለቀችላቸው።

«ጭቃ ነው፣ እማ» አለች። «ያዢኝ።»