የኡሙሰልማ ሸርጥ

ኡሙሰልማ የሱፍን ለመጀመሪያ ጊዜ ያነጋገረችው በቁጣ ነበር።

ሰኔ 1980 ነው። ከጎንደር ኮሌጅ በነርስነት ተመርቃ ኮምቦልቻ ጤና ጣቢያ ከተመደበች ገና ወር አልሞላትም። የቤተሰቦቿ ቤት ደሴ፣ ሰኞ ገበያ ስለሆነ በየማለዳው በአውቶቡስ የሐረጎን ጠመዝማዛ ቁልቁለት ትወርዳለች፣ ማታ መልሳ ትወጣለች። ሐረጎን የሚያውቅ ያውቀዋል፤ በክረምት ጉሙ ሳይከፍል አብሮ ይሳፈራል። የዚያን ዕለት ከጎኗ፣ መስኮት ዳር የተቀመጠው ወጣት መስኮቱን ወለል አድርጎ ከፍቶ ውጭ ውጭውን ያያል። እንዲዘጋው በትህትና ጠየቀችው። ዝም። ደግማ ጠየቀችው። አሁንም ዝም። ኡሙሰልማ ደግሞ ድካም ትችላለች፣ ብርድም ትችላለች፤ ንቀት ግን አትችልም።

«ሰውዬ፣ ጆሮ የለህም እንዴ?» ብላ ትከሻውን ነካችው።

ዞር አለ። ፊቱ ላይ ንቀት የሚባል ነገር አልነበረም።

«በዚህ በኩል የለኝም» አላት ግራ ጆሮውን በጣቱ እያሳያት። «በዚያኛው ግን አለኝ። ምን ነበር ያልሽኝ?»

መሬት ተከፍታ ብትውጣት ደስ ባላት። ነርስ ሆና! በሽተኛን ገና ከበር ሲገባ አይተሽ ዕወቂ እየተባለች ተምራ፣ አጠገቧ የተቀመጠውን ሰው ሳታውቅ ሰደበችው። ኮምቦልቻ እስኪደርሱ ይቅርታ ስትለምነው፣ እሱም ሲስቅባት ሄዱ። በማግስቱ ቀድሞ ተሳፍሮ በቀኙ በኩል ቦታ ይዞላት ጠበቃት።

የሱፍ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው መካኒክ ነው። በመጀመሪያው ዙር ብሔራዊ ውትድርና ዘምቶ፣ ግራ ጆሮውን ለሞርታር ሰጥቶ ተመልሷል። ስለ ግንባር ሲጠየቅ ወሬውን ወደ ሥራው ያዞረዋል። የሽመና ማሽኖቹ ሲጮሁ ሰው ሁሉ እኩል ደንቆሮ ስለሚሆን እዚያ ማንም እንደማይበልጠው እየነገረ ያስቃታል። ሐምሌ ሲገባ ኡሙሰልማ ሌላ ሰው ሆነች። ያ ሁሉ ቁልቁለት አጠረባት። እሁድን ጠላች፤ እሁድ አውቶቡስ የለማ። ወደደችው፣ አበቃ።

ግን ልቧ ውስጥ ቀድሞ የገባ ሌላ ነገር ነበር። ታናሽ ወንድሟ ሀምዱ በዚያው ዓመት መጋቢት ላይ ሰሜን ግንባር ሞቷል። ለቅሶ ሊደርስ የመጣ ጓደኛው እናቷ እንዳትሰማ ደጅ አውጥቶ እውነቱን ነገራት። የተመታው እግሩን ነበር፤ የሚሞትበት ቁስል አልነበረም። የሚያስርለት ሰው ጠፍቶ ደሙ አለቀ። ከዚያ ወዲህ ኡሙሰልማ ጤና ጣቢያ ውስጥ የልጅ ጉልበት እንኳ ስታስር እጇ ይከብዳታል።

በሐምሌ አጋማሽ ከጦሩ ሕክምና ክፍል መኮንኖች ደሴ መጡ። ከኮሌጅ የወጡ ነርሶች በፈቃዳቸው ቢመዘገቡ ማዕረግ ተሰጥቷቸው አስመራ የጦር ሆስፒታል ለሁለት ዓመት ያገለግላሉ፤ መልስ እስከ ነሐሴ መጨረሻ ነው ተባለ።

ከዚያ በኋላ እረፍት የሚባል ነገር ጠፋ። እሄዳለሁ ብላ ተኝታ እቀራለሁ ብላ ትነሳለች። ጉርሻዋን አንስታ መልሳ ታስቀምጣለች። ጦርነቱን አትወደውም፤ ሀምዱን ማን ለምን እንደወሰደው እስካሁን አልገባትም። ያንን የደንብ ልብስ ለብሳ ራሷን ስታስበው ሰውነቷ ይቆጣል። መልሳ ደግሞ ቁስል የማን ነው አይባልም ትላለች። እናቷ መዲና ምን ነካሽ ስትላት ምንም ትላለች፤ ምንም የሚል ሰው ግን ግቢውን እንዲያ እየዞረ አይረግጠውም።

በመጨረሻ ለአባቷ ነገረችው። ኑርሁሴን ሰኞ ገበያ የስፌት መኪናውን ዘርግቶ ልብስ የሚሰፋ፣ ቃሉ አጭር ሰው ነው። ያለ አባት ዱዓ መንገድ መውጣት በእነሱ ቤት አይታሰብም።

«አንዱን ሰጥቻለሁ» አላት ከመርፌው ቀና ሳይል። «ሳታገቢ ወታደር ሰፈር አልሰድሽም። ካገባሽ የባልሽ ነገር ነው፤ ያኔ እኔን አትጠይቂኝም።»

በማግስቱ ለየሱፍ ነገረችው። አትሂጂ ቢላት ልትቆጣው፣ ሂጂ ቢላት ልታለቅስበት ተዘጋጅታ ነበር። እሱ ግን ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። እስከ ኮምቦልቻ ጉሙን ሲያይ ወረደ።

በሳምንቱ ሦስት ሽማግሌዎች ኑርሁሴን ደጅ ቆሙ። የሱፍ ነበር የላካቸው። አባቷ ገና ማንነቱን ሲነግሩት ፊቱ በራ። ደግ ልጅ ነው፣ ሙያ አለው፤ ደግሞ ግንባርን ያየ ሰው ሚስቱን ግንባር አይልክም። ይህን ሁሉ አባቷ አልተናገረውም፤ ኡሙሰልማ ግን ከፊቱ አነበበችው። ደሟ ፈላ። የምትወደው ሰው ከአባቷ ጋር መክሮ በሩን ሊዘጋባት እንደመጣ ቆጠረችው።

በበነጋው ሥራዋን ጥላ ፋብሪካው በር ላይ ጠበቀችው። ሠራተኛው ሲወጣ ጥጥ ፀጉሩ ላይ እንደተጣበቀ መጣ።

«ከአባቴ ጋር መክረህ ነው?»

«ከማንም ጋር አልመከርኩም።»

«ታዲያ ዛሬ ለምን? ያን ሁሉ ጊዜ የት ነበርክ?»

«እወድሻለሁ። እንዳትሄጂም ብዬ ነው። ሁለቱም እውነት ነው፣ ኡሙ።»

ቢዋሽ ይሻላት ነበር፤ ውሸታምን መጥላት ይቀላል። «አንተ ዘምተህ የለም እንዴ?» አለችው።

«ስለዘመትኩ ነው» አለ። ከዚያ በላይ ብትለምነው ፀጉሩ ላይ ያለውን ጥጥ እየነቀለ መንገዱን ቀጠለ።

ሳምንቱን ሙሉ በሌላ አውቶቡስ ሄደች። ያ ያለበት እንዳይሆን አይታ ትሳፈራለች፤ ከተሳፈረች በኋላ ደግሞ ባይኗ ትፈልገዋለች። ፍቅርና ንዴት አንድ ቤት ሲያድሩ ሰው እንዲህ ይሆናል። በመጨረሻ ከልጅነቷ ጀምሮ ቁርዓን ያስቀሯት ሼህ ሰይድ ዘንድ ሄደች። ያሰበችውን አንድም ሳትደብቅ ነገረቻቸውና ይቻል እንደሆነ ጠየቀቻቸው።

ሼህ ሰይድ መቁጠሪያቸውን አስቀመጡ። «መህርሽን፣ ከወንዱ የምትቀበይውን ስጦታ፣ ቁረጪ» አሏት። «ከዚያ በላይ ሸርጥ ካለሽ፣ ይህን ካልፈቀደልኝ አላገባም የምትይው ነገር ካለሽ፣ በምስክር ፊት ተናገሪው። ወዶ የተቀበለ ወንድ ይታሰርበታል። ካልተቀበለ ግን ልጄ፣ ኒካው ይቀራል፤ አትጋቡም። ያንን ትችይዋለሽ?»

እችላለሁ አለች። መንገዱን ሁሉ ግን የሼሁን የመጨረሻ ጥያቄ እያሰበች ነው ወደ ቤቷ የሄደችው። የሱፍን በሰው ሁሉ ፊት ልታጣው ትችላለች። ቤት ገብታ ለአባቷ ማግባቱን እሺ አለችው። ኑርሁሴን አልሃምዱሊላህ አለ። መዲና ግን ልጇን ታውቃታለች፤ በዚያች በእሺታዋ ምክንያት እንቅልፍ አጣች።

ኒካው በነሐሴ በአንዱ ዓርብ ከሶላት በኋላ ሆነ። ወንዶቹ ሳሎን ምንጣፍ ላይ ተቀመጡ፣ ኡሙሰልማ ከሴቶቹ ጋር ከመጋረጃው ጀርባ። ሁለቱ ምስክሮች እንደ ወጉ ወደ መጋረጃው ቀርበው አባቷን ወክላ እንደሆነና መህሯ ምን እንደሆነ ጠየቋት።

«አባቴን ወክያለሁ» አለች። ድምፅዋ የራሷ አልመስል አላት። «መህሬ አንዲት የብር ቀለበት ናት። ሸርጥ ግን አለኝ። ሁለት ዓመት አስመራ ሄጄ ቁስለኛ ላክም፤ ባሌ መንገዴን ላይዘጋብኝ።»

 ሳሎን ያለው ሁሉ ባንዴ ተናገረ። አንዱ እንዲህ ያለ ሸርጥ በወሎ ምድር ሰምቼ አላውቅም አለ፤ ሌላው ልጅቷን ትምህርት አበላሻት አለ። ኑርሁሴን አንገቱን ደፍቶ ልጁ እንዳዋረደችው ለራሱ ያጉረመርማል። ሼህ ሰይድ እጃቸውን አነሱና ጥያቄው ለሙሽራው እንጂ ለጉባኤው እንዳልሆነ ተናገሩ።

የሱፍ ተነሳ። ኡሙሰልማ ኮቴውን ሰማች፤ የሚወጣ መሰላት። ጥርሷን ነክሳ ዓይኗን ጨፈነች። እሱ ግን መጥቶ ከመጋረጃው ማዶ ተቀመጠ።

«ኡሙ፣ ያልነገርኩሽ ነገር አለ።»

«ንገረኛ።»

«የተመታሁ ቀን ድንኳን ውስጥ መሬት ላይ ተኝተናል፣ ብዙ ነን። ነርሷ አንዲት ብቻ ነች። እኔን ስትሰፋኝ አጠገቤ ያለው ልጅ “እህቴ... እህቴ...” እያለ ይጠራታል። እጇ እኔ ላይ ነው፣ መሄድ አልቻለችም። ጨርሳ ስትዞር ልጁ ዝም ብሏል።» መጋረጃውን በእጁ ጨበጠ። «ሁለት ቢሆኑ ኖሮ ያ ልጅ ዛሬ አለ።»

ኡሙሰልማ እንባዋን መቆጣጠር አቃታት። «ለምን አልነገርከኝም?»

«ብነግርሽ ትሄጃለሻ!»

ሴቶቹ ሁሉ አፋቸውን ያዙ። ኡሙሰልማ ወደ መጋረጃው ተጠጋች፤ ለእሱ ብቻ እንዲሰማ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ይጠብቃት እንደሆነ ጠየቀችው።

«መጠበቅ አልችልበትም» አላት። «ግን እጠብቅሻለሁ።»

ከዚያ ወደ ወንዶቹ ዞረና ጎላ አድርጎ «ሸርጧን ተቀብያለሁ» አለ። ፋቲሃ ተቀራ፤ ኒካው ታሰረ። ኑርሁሴን የተቀመጠውን ምግብ ሳይነካ ደጅ ወጥቶ ቆመ።

ፈቃድ በእጅ ሲገባ ነገሩ ያልቃል ብላ ነበር ኡሙሰልማ። አላለቀም። በሩ ተዘግቶ ሳለ ስትገፋው ትበረታ ነበር፤ ሲከፈት ፈራች። ገና ወደ ቤቱ አልወሰዳትምና፣ እሁድ ከሰዓት የሱፍ ሊያያት ሲመጣ ግቢው ውስጥ ባልሄድስ አለችው።

«ሂጂም አትሂጂም አልልሽም» አላት። «ምን እንደምፈልግ ታውቂዋለሽ። ቃሉ ከኔ አፍ ከወጣ ግን ዕድሜ ልክሽን የኔ ይሆናል፤ ያንቺ አይሆንም።»

በዚያች ሰዓት ጠላችው፤ ወደደችውም። እሱ ከሄደ በኋላ እዚያው እንደተቀመጠች ያ ስሙን የማታውቀው የድንኳኑ ልጅ ትዝ አላት። “እህቴ” ብሎ የተጣራው። ሀምዱም እንደዚያ ተጣርቶ ይሆናል። ሀምዱ ግን የእውነት እህት ነበረችው፤ የእውነት ነርስ፣ ጎንደር ሆና ለፈተና የምታጠና። ተነስታ እናቷ ዘንድ ገባችና እሄዳለሁ አለቻት። ያን ሁሉ ሳምንት ያመሳት ነገር በዚያች ቃል ጸጥ አለ።

የምትሄድ ዕለት ኑርሁሴን ፒያሳ ድረስ ሸኛት። እስከዚያች ቀን ድረስ አላናገራትም ነበር። መኪናው ሊነሳ ሲል ሁለት እጁን ዘርግቶ ዱዓ አደረገላት፤ ረጅም ዱዓ፣ ሹፌሩ ጥሩምባ እስኪነፋ። የሱፍ ከጎኑ ቆሞ አሚን አለ።

ሁለቱ ዓመት ሁለት ሆኖ አልቀረም። በመጀመሪያ ደብዳቤ ይመጣ ነበር፤ ኋላ መንገዱ ተዘጋ፣ ደብዳቤውም ቆመ። መድፉ ከሰሜን እየወረደ ወሎ ደረሰ፤ ደሴ እንኳ ከሩቅ ሰማችው። አስመራ ኡሙሰልማ ስንቱን እንደሰፋች ራሷም አታውቅም። ስንቱ በእጇ ላይ ዝም እንዳለ ግን ታውቃለች። አንዲት ናትና “እህቴ” የሚላት ሁሉ ጋ መድረስ አልቻለችም። የደረሰችለት ግን ነበር፤ ብዙ ነበር። ሲጨልምባት ይህንን ትይዛለች።

በግንቦት 1983 መንግሥት ወደቀ፣ ጦሩ ተበተነ። ከሌሎች ጋር አንዳንዴ በጭነት መኪና አንዳንዴ በእግር መቀሌን አልፋ፣ ወልድያን አልፋ፣ ሰኔ ላይ ከሐይቅ በኩል ደሴ ገባች። የከተማው መግቢያ ላይ ሕዝቡ ለተመላሾቹ ውሃና ዳቦ ያድላል። ከሕዝቡ መካከል አንድ ሰው ጣሳውን እንደያዘ ቀርቷል፤ ውሃው ይፈስበታል።

«መጣሽ?» አላት የሱፍ።

«መጣሁ።»

የቀረውን ውሃ ከእጁ ተቀብላ ጠጣች። ኋላ ሰው እንደነገራት፣ ተመላሹ መውረድ ከጀመረ ወዲህ ከሥራ በወጣ ቁጥር ከኮምቦልቻ እየወጣ እዚያ ሲቆም ነው የከረመው።

መዲና ልጇን አቅፋ ስታለቅስ ከሰዓት ሆነ። እግሯን አጠበቻት፣ አበላቻት። ኑርሁሴን አርጅቷል፤ ዓይኑን ከልጁ ላይ አይነቅልም። አዲስ የሰፋው የጥጥ ፍራሽ ነበረው፤ አውጥቶ ልትተኛበት የሀምዱ መደብ ላይ ዘረጋላት። የሱፍ ከበሩ አጠገብ ቆሟል። ደክሟታል፣ ትረፍ፣ እኔ ነገ እመለሳለሁ ሊል አፉን ሲከፍት ኡሙሰልማ ፍራሹን አየች፣ እሱን አየች። ሦስት ዓመት ሊሞላ ነው ሚስቱ ከሆነች፤ አንድም ሌሊት አንድ ጣሪያ ሥር አላደሩም።

«የሱፍ» አለችው፣ «ቤታችን ወዴት ነው?»

እናቷ እንባዋን መጥረግ አቆመች። የሱፍ ለመመለስ ሞከረ፤ ኮምቦልቻ፣ ከፋብሪካው ጀርባ፣ አንዲት ክፍል ናት፣ ከሄድሽ ጀምሮ ተከራይቻት ነበር እያለ ቃሉ ተደነቃቀፈበት። ኑርሁሴን የዘረጋውን ፍራሽ መልሶ ጠቀለለ፤ በገመድ አጥብቆ አሰረና አንስቶ የአማቹ ትከሻ ላይ ጫነው።