የመካኒኩ ደም

ፕሮፌሰሩ በገዛ ማይክሮስኮፑ ጭንቅላቱን ተመትቶ ጠዋት ላቦራቶሪው ወለል ላይ ሞቶ ተገኘ። ጣት ሁሉ የተቀሰረው በታናሽ ወንድሙ በመካኒኩ ላይ ነው። ሰውስ ምን ያድርግ? በዋዜማው እዚያው ክፍል ገብቶ «እናታችንም አንተን፣ ዓለሙም አንተን፤ ለእኔ ምን ተረፈኝ?» እያለ ሲጮህ ሕንፃው በሙሉ ሰምቷል። ቅናት ከልጅነቱ ጀምሮ አንጀቱን ሲበላው ኖሯል፤ አይክድም።

ከሰዓት በኋላ መርማሪዋ፣ ጉንፋን የያዛት አጭር ሴትዮ፣ ሦስት ሰዎችን እዚያው ሰበሰበች፤ መካኒኩን፣ ሟችን አሥር ዓመት ያገለገለችውን ረዳቱን፣ አምና አብራው መሥራት የጀመረችውን ሚስቱንም። ሚስትየው ከመካኒኩ ራቅ ብላ ተቀመጠች፤ ዓይኑን ማየት አስጠልቷታል።

«ጠዋት የት ነበሩ?» አለች መርማሪዋ ረዳትየዋን።

«ቤቴ። የደረስኩት ፖሊስ ከመጣ በኋላ ነው። ደግሞ ምን ያደክመዎታል? ጥናታችን እኮ ይኸው ነው፤ ከወላጅ የሚወረሰው የአንጎል ኬሚካል ሲለያይ ጠባይም ይለያያል ወይ የሚል። የሁላችንም ደም ተመርምሯል። የዚህ የወንድሙ ደም ያ ቁጣ የሚያባብሰው ዓይነት ነው።»

መካኒኩ አንገቱን ደፋ። ለካ ደሜ ነው፣ አለ በልቡ። እጁ ያልሠራውን ደሙ የሠራው መሰለው፤ እስር ቤቱን እንኳ ከወዲሁ ተቀብሎት ነበር።

መርማሪዋ አፍንጫዋን ጠረገች። «ደሙ ላይ ስም ይጻፋል?»

«ኧረ፣ ቁጥር ብቻ። የማን እንደሆነ ካወቅን እናዳላለና።»

«ቁጥሩ የማን እንደሆነስ?»

«የሚያውቀው ፕሮፌሰሩ ብቻ ነው። ሥራው ሲያልቅ ይገልጠዋል።»

«ዛሬ ጠዋት ነበር የሚገልጠው» አለች ሚስትየው። «ከቤት ሲወጣ ነግሮኛል።»

«ገልጦታልም» አለች መርማሪዋ። «ኮምፒዩተሩን ያገኘነው ግን ተቆልፎ ነው። ባለሙያችን የከፈተልኝ ገና አሁን፣ ከምሳ በኋላ፤ ለማንም አላሳየሁም። ስለዚህ የመካኒኩን ውጤት የሚያውቅ ሰው፣ ጠዋት ከሟች ጎን ቆሞ ያየ ነው።»

ረዳትየዋ ሚስትየውን ብቻ ነበር የምታየው።

«አሥር ዓመት ዓይኔ እስኪጠፋ የሠራሁትን ጥናት፣ ‹በእኔና በባለቤቴ ስም ይወጣል› አለኝ» አለች። «በእሷ ስም። መታገሥ አልቻልኩም።»

«የእርስዎንም ውጤት አይቻለሁ» አለች መርማሪዋ። «ከሁሉም የተረጋጋው የእርስዎ ነው።» ወደ መካኒኩ ዞረች። «አንተ ግን ትናንት እንደዚያ ተቃጥለህ፣ በሩን ዘግተህ ወጣህ። ያን ጊዜም ደምህ ይኸው ነበር።»

መካኒኩ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፍኖ አለቀሰ።

ሚስትየው ተነስታ ሄደችና ትከሻውን ያዘችው። «ተነስ» አለችው፤ «ወንድምህን እንቅበር።»