ከማሩ በፊት

ሰገነት ሁለት ማንኪያ ማር ብርጭቆው ውስጥ ጨመረች፤ ከዚያ ግማሽ ማንኪያ የተወቀጠ ጥቁር አዝሙድ፣ ከዚያ ለብ ያለ ውሃ። ከመጋረጃው ጀርባ የእናቷ ሳል ይሰማታል። ከጉሮሮ አይደለም፤ ከታች ከደረት ነው የሚመጣው። ማማሰሏን አላቋረጠችም።

«ደረሰ?» አለች እናቷ።

«ደርሷል፣ እማዬ።»

ወይዘሮ የሺመቤት ሹራቧን ደርባ ወጣች። ብርጭቆውን ተቀብላ በሦስት ጉንጭ ጨረሰችውና ዓይኗን ጨፍና ጠበቀች። ሳሉ ቀስ እያለ በረደ። ጉሮሮዋን ጠራረገችና የሥራ ድምፅዋን ሞከረች። «ባሕር ዳር ነው፤ ከማን ጋር ላገናኝዎ?»

ጥርት ያለ ድምፅ ነው። ይህች ሴት ሌሊቱን ሙሉ ትራስ አቅፋ ሲያስላት እንዳደረ ማንም አይገምትም።

«አየሽ? ከዚህ የሚበልጥ መድኃኒት የት አለ?»

ማሩ በእርግጥ ይሠራ ነበር፤ ክፋቱም እሱ ነው። የሺመቤት የቴሌ ኦፕሬተር ናት፤ ከሌላ ከተማ የሚደወል ስልክ ሁሉ በእሷ እጅ ያልፋል። ጠዋት የምትጠጣው ማር እስከ ቀትር ይይዛታል፤ በትንሽ ጠርሙስ ቋጥራ የምትወስደው ደግሞ እስከ ማታ ያደርሳታል። መሥሪያ ቤት ውስጥ ሲያስላት የሰማ የለም። ሳሉን የምታውቀው ሰገነት ብቻ ናት።

ሐኪም ቤት የማትሄደው በክንዱ ምክንያት ነው። ክንዱ የሰገነት ታላቅ ወንድም ነው፤ ለብሔራዊ ውትድርና ከተወሰደ ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው። ባለፈው ሐምሌ አንድ ቀን ከአሥመራ ደወለ። ስልኩን ያነሳችው ራሷ እናቱ ነበረች፤ እሱ ግን በሥራ ድምፅዋ አላወቃትም። «እባክዎን እህቴ፣ እዚያ ከምትሠራው ከእናቴ ጋር ያገናኙኝ» አላት። ከተፈቀደላቸው ሦስት ደቂቃ አንዱን በሳቅ ጨረሱት። ከዚያ ወዲህ ደብዳቤም የለም፣ ስልክም የለም፤ አሁን መጋቢት ነው። ሐኪም ቢያያት «ቤት ተኚ» ይላታል፤ በተኛችበት ቀን ክንዱ ይደውላል፤ ሌላ ሰው ያነሳዋል። የሺመቤት እንዲህ ብላ ቆርጣለች፤ ከቆረጠች ደግሞ የሚመልሳት የለም።

ባለፈው ቅዳሜ ሰገነት የእናቷን መሐረብ ስታጥብ ቀይ ነገር አየች። ሁለት ጠብታ፣ ምናልባት ሦስት። በሳሙና አሸችው፤ ቀዩ ፈዘዘ፣ ከዚያ ጠፋ። ገመድ ላይ አሰጣችው። መደንገጥ እንዳለባት ታውቃለች፤ ድንጋጤው ግን አልመጣም። ክንዱ ከሄደ ወዲህ እንዲህ ናት። ውስጧ ብዙ እንደተቀመጡበት እግር ደንዝዟል፤ ቢቆነጥጡትም አይሰማትም።

ማሩን ባማሰለችበት በዚያ ጠዋት አራተኛው ክፍለ ጊዜ ባዮሎጂ ነበር። አስተማሪው አቶ መርስዔ ኀዘን በሽታ ስለሚያመጡ ረቂቅ ተሐዋስያን ሲያስረዱ ሰገነት እጇን አወጣች። ለራሷም ገረማት።

«ማር ሳል ያድናል?»

ከኋላ አንዱ ሳቀ። አቶ መርስዔ ኀዘን ግን ጥያቄ ይወዳሉ፤ ጠመኔያቸውን አስቀመጡ።

«ጉሮሮ ያለዝባል። ቁስል ላይ ሲቀባም እንዳያመረቅዝ ይረዳል። ጥቁር አዝሙድና ኮሰረትንም አትናቋቸው፤ እናቶቻችሁ ቅቤ ሲያነጥሩ ኮሰረት የሚጨምሩት ለሽታው ብቻ መሰላችሁ? ቅቤው ቶሎ እንዳይበላሽም ነው። ግን ሳል ራሱ በሽታ አይደለም፤ የበሽታ ምልክት ነው። ሳሉ ዝም ስላለ በሽታው ሄደ ማለት አይደለም። ሦስት ሳምንት ካለፈው አክታው መመርመር አለበት፤ ጠዋት፣ ምንም ሳይቀመስ።» ቆም ብለው አዩዋት። «ማንን ነው የሚያስለው?»

«ማንንም» አለች ሰገነት።

አጠገቧ የተቀመጠችው ጓደኛዋ መዲና ዞር ብላ አየቻት።

ከትምህርት በኋላ ሁለቱ በሐይቁ ዳር ወደ እነመዲና ቤት ሄዱ። የመዲና አባት ሳሊህ በታንኳ ዘጌ ይመላለሳሉ፤ ማሩን የሚያመጡትም እሳቸው ናቸው። መዲና አንድ ሙሉ ጠርሙስ ማር ከቤት ይዛ ወጣች፤ ግን አልሰጠቻትም።

«በዚህ ወር ሦስተኛው ነው፣ ሰጉ። ማንንም የማያስለው ከሆነ ማን ነው የሚጨርሰው? ፋራ አረግሽኝ እንዴ?»

ሰገነት ፊቷን ወደ ውሃው አዞረች።

«አጎቴ ቡርሀንም ማር ሲልስ ነበር» አለች መዲና። «‹ተሻለኝ፣ ተሻለኝ› እያለ አንድ ቀን መረቡ ላይ ደም ተፋ። ከዚያ ሐኪም ቤት መርፌውን ወጉት፣ ኪኒኑን አንድ ዓመት ሙሉ ዋጠ። ይኸው አሁን ዓሣ ያጠምዳል።»

«ማሩንስ ተወው?»

«አቦ፣ ማር ማን ይተዋል! አሁን እንኳ ሲጣፍጠው ነው የሚልሰው።»

ጠርሙሱን ሰጠቻት። ሰገነት ታቅፋው ትንሽ ሄደችና ቆመች፤ ቤቷ በግራ ነው። በቀኝ ታጠፈች።

ጤና ጣቢያው ሊዘጋ ሲል ደረሰች። ነጭ ጋዋን የለበሰችው ሴት «ለማን ነው?» ስትላት «ለእናቴ» አለች፤ ሴትዮዋም የእናቷን ስም ጽፋ ለአክታ የሚሆን ክዳን ያለው ትንሽ ዕቃ ሰጠቻት። ከዚያ ሰገነት ወደ ቴሌ ሄደች። እናቷ ወደ ቤት ሄዳለች፤ የማታ ተረኛ የሆኑት ባልደረባዋ ወይዘሮ አገርነሽ በር ላይ ነበሩ። ሰገነት ሁሉንም ነገረቻቸው፤ ሳሉንም፣ መሐረቡንም። ስትናገር ድምፅዋ የሌላ ሰው ጉዳይ የምታወራ ይመስል ነበር።

«ከአሥመራ ቢደወል ግን፣ እትዬ አገርነሽ?»

«መስመሩን ይዤ ዘበኛውን በሩጫ እልክባችኋለሁ። ሌሎቹንም እነግራቸዋለሁ።» ፊቷን በመዳፋቸው ያዙት። «ምነው እስካሁን ዝም አልሽ፣ ልጄ?»

ሰገነት ማሩንና ዕቃውን ታቅፋ ወደ ቤቷ ሄደች።

በማግስቱ ጠዋት ማሩን አላማሰለችም። ጠረጴዛው ላይ ትንሹን ዕቃ አስቀመጠች።

«ማሬስ?» አለች የሺመቤት።

«ከማሩ በፊት ይሄ።»

እናቷ ዕቃውን አነሳችው። ስሟ ተጽፎበታል። «ማን ሂጂ አለሽ?»

«ማንም። ለእትዬ አገርነሽም ነገርሁ። ክንዱ ከደወለ መስመሩን ይዘው ይልኩብናል።»

«ገበናዬን አወጣሽው በይኛ!» ድምፅዋ ተቆረጠ፤ ሳሉ መጣ። የጠረጴዛውን ጠርዝ ያዘች። እጇ ወደ ማሩ ጠርሙስ ሄደ፤ ሰገነት ጠርሙሱን ወደ ራሷ ሳበችው።

«ክንዱ ሲደውል አንቺ ባትኖሪስ፣ እማዬ?»

የሺመቤት ቁጭ አለች። እንደገና ሲያስላት ዕቃውን ወደ አፏ አስጠጋች። ጨርሳ ክዳኑን ራሷ ገጠመችው።

«ስትመለሺ ማሬን ታማስይልኛለሽ» አለች ቀና ሳትል።

ሰገነት ዕቃውን በደብተር ወረቀት ጠቅልላ ወጣች። መንገድ ላይ የዕቃው ሙቀት በወረቀቱ አልፎ መዳፏን ሲነካው ቆመች። ፈርታለች፤ በጣም ፈርታለች። ዕቃውን በሁለት እጇ ያዘችና ወደ ጤና ጣቢያው መንገዷን ቀጠለች።