በሦስት ነጭ ጨርቅ የተጠቀለለው

መቃብር ቆፋሪዎቹ ዶማቸውን ጥለው ቆመዋል። ለአብዱናስር ከአባቱ ጎን ሲቆፍሩ፣ ገና ክንድ ሳይሞላ በነጭ ጨርቅ የተጠቀለለ ነገር ወጣ። አንዱ «ድግምት!» አለ፤ ከዚያ ወዲያ የሚነካው ጠፋ።

ኢንስፔክተር ሀሚዳ ስትደርስ የሟቹ ወንድም ሙከሚል ፊቱ ዐመድ መስሎ ጠበቃት።

«ይኸውልዎት! ያ ሐኪም ‹ንጹህ ነህ፣ ካንሰሩ አልተሰራጨም› እያለ ሲያዘናጋው፣ ሌላው እዚህ ድግምት ይቀብርበታል። ዶክተር ዋሲሁን ሳይታሰር ጀናዛው ከቤት አይወጣም፤ ወላሂ!»

«ጀናዛ አይቆይም፣ ሙከሚል። ይህን እኔ ልንገርህ?»

«እንግዲያው ይፍጠኑ!»

ሀሚዳ ጓንት አጥልቃ ተንበረከከች። ጨርቁ አንድ ሳይሆን ሦስት ነው፤ አንዱ ባንዱ ላይ በጥንቃቄ ታጥፏል። ውስጡ አምስት ትናንሽ የፕላስቲክ ብልቃጦች አሉ፤ በየብልቃጡ ፈሳሽ ውስጥ ባቄላ የምታክል ሥጋ ተዘፍቃለች። በላያቸው የአብዱናስር ስም፣ ቁጥርና ቀን ተጽፏል። ቀኑ የዛሬ ስምንት ወር ነው፤ አዲስ አበባ ላይ የታመመው ሳንባው በቀዶ ሕክምና የወጣበት ቀን።

«ናሙናውን ወደ ላቦራቶሪ የወሰደው ማነው?»

«እዚያ አስታማሚው ነው የሚያደርሰው። እኔና ሚስቱ ሉባባ ሄድን። እኔ መኪና ማቆሚያ ሳጣ እሷ ብቻዋን ገባች። አስረክቤያለሁ አለችኝ።»

«ወደዚህ፣ ወደ ቺሮ ስትመለሱስ?»

«ከሳምንት በኋላ ነው። እሱ ከኋላ ተጋድሟል፣ እሷ ከጎኑ። መንገድ ላይ ሚኤሶ ለውሃ ስንቆም አንዲት ፌስታል ከጭኔ አላወርድም አለች። ‹ወርቅ ነው እንዴ?› ብዬ ቀለድኩባት። ወንድሜ ሳቀ… ሲስቅ ቁስሉ አመመው።» ሙከሚል ፊቱን አዞረ።

ዶክተር ዋሲሁን ክሊኒኩ ውስጥ በሩን ዘግቶ ተቀምጧል። ከውጭ የሰፈሩ ጎረምሶች ዛቻ ይሰማል።

«ውጤቱን ያነበብክለት አንተ ነህ?»

«እኔ ነኝ። ‹የተቆረጠው ዳር ንጹህ ነው› ይላል። ይኸው።»

ሀሚዳ ወረቀቱን ገለበጠችው። በጀርባው አንዲት መስመር አለች፦ «የሊምፍ ዕጢዎች አልደረሱንም፤ ስርጭቱን መወሰን አይቻልም።»

ሐኪሙ መስመሯን ሁለት ጊዜ አነበባት። «ጀርባውን አላየሁትም» አለ።

«ቢደርሱ ኖሮ ምን ይናገሩ ነበር?»

«ካንሰር ከሳንባ ሲነሣ ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚያርፈው እነሱ ላይ ነው። ቀዶ ሐኪሙ ከደረት ውስጥ ከየቦታው ለቅሞ በቁጥር ይለያቸዋል፤ በሽታው እስከ የት እንደተጓዘ የሚታወቀው በዚያ ነው። ተጉዞ ቢገኝ ተጨማሪ መድኃኒት ይጀምር ነበር።»

«ተነሥ፤ አብረን እንሂድ።»

ከሟቹ ቤት ጀናዛው ተገንዞ ተኝቷል። ሀሚዳ ሙከሚልን፣ ሉባባንና ሐኪሙን አጠገቡ ሰበሰበች፤ ብልቃጦቹንም መሐል አስቀመጠች።

«ይህ ድግምት አይደለም» አለች ዝግ ብላ። «ጠላት ለሚቀብረው ነገር ጨርቅ አይመርጥም። ሦስት ነጭ ጨርቅ የወንድ ከፈን፣ መገነዣው ነው። የቀበረው ሰው ይወደው ነበር፤ አብዱናስር አንድ ቀን ከአባቱ ጎን እንደሚያርፍም ያውቃል። ዶክተሩ ብልቃጦቹን አይቷቸው አያውቅም። ላቦራቶሪውም አልደረሱኝም ብሏል። ስለዚህ የቀሩት ከመኪናው እስከ ላቦራቶሪው መስኮት ባለው መንገድ ላይ ነው፤ ሙከሚል ያኔ መኪናው ውስጥ ነበር። ናሙናው በሙሉ ተሰጥቶ ከሆነ፣ ሚኤሶ ላይ ከጭን አልወርድ ያለው ፌስታል ምን ይዞ ነበር?»

ሉባባ ቀና አለች።

«ትልቁን፣ ሳንባውን ሰጠኋቸው፣ እህቴ። ‹ስትጨርሱ ምን ታደርጉታላችሁ?› ብዬ ጠየቅሁ። መስኮቱ ላይ ያለችው ልጅ ‹ይቃጠላል› አለችኝ። በሽታው ትልቁ ውስጥ ነው ተብያለሁ፤ በሽታውን ያቃጥሉት። ትንንሾቹ ግን ጤነኛ መሰሉኝ። የአብዱናስርን ጤነኛ ሥጋ ለእሳት እንዴት ልስጥ? አገሩ ላይ ይጠብቁት አልኩ።» ወደ ሐኪሙ ዞረች። «ብሰጣቸው ይድን ነበር?»

ሐኪሙ ‹አይድንም ነበር› ቢላት በቀለላት። ሀሚዳም እንዲዋሽ ልትመኝ ምንም አልቀራት።

«አላውቅም፣ ወይዘሮ ሉባባ። ምናልባት ዕድሜ ይጨመርለት ነበር። ግን እኔ ወረቀቱን ብገለብጠው ኖሮ እጠይቅዎት ነበር፤ እርስዎም ቆፍረው ያመጡልኝ ነበር። ወረቀቱ ይህን ሁሉ ወር በእጄ ነበረ።»

ሙከሚል ሰው ሊያሳስር የመጣበት ቁጣው የሚያርፍበት አጣ። «አሁንስ መመርመር ይቻላል?» አለ።

«ይቻላል።»

ሙከሚል ጀናዛውን አየ። «ለማን?» አለ።

ሀሚዳ ቁጥሮቹን በማስታወሻዋ መዝግባ ብልቃጦቹን ወደ ሉባባ ገፋች። ሉባባ እንደገና ጠቀለለቻቸው፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ሴቶች ከጀናዛው ጋር አይሄዱምና፣ ከአዲስ አበባ በጭኗ ያመጣችውን እስከ ደጁ ብቻ ታቅፋ ሄደች። ሐኪሙ ከተሸካሚዎቹ መሐል ትከሻውን ሰጥቷል። ሙከሚል ከወንድሙ ጎን ሊቀብረው ሁለት እጁን ዘረጋላት።

«አደራ፣ እንዳይወድቅብህ» አለችው።

«አይወድቅም» አለ ሙከሚል። «ወርቅ ነው።»