የጋሽ ገብረአብ ውሻ

ውሻው ገደል ገባ። ኩብራ የተበጠሰውን ገመድ እንደያዘች ቀረች።

የሚኒባሱ ሾፌር ቢጭናቸው ኖሮ ይሄ ሁሉ አይመጣም ነበር። ጎረቤላ ላይ «ውሻ አልጭንም» ብሎ በሩን ዘጋባት። ወደ አልዩ አምባ ቁልቁለቱን በእግሯ ተያያዘችው።

ውሻው የደብረ ብርሃን ጎረቤቷ የጋሽ ገብረአብ ነው። ፈረንጅ ጥሎላቸው የሄደ፣ ግሬይሀውንድ የሚሉት የሩጫ ዘር። እግሩ ረጅም፣ ሆዱ ከጀርባው የተጣበቀ፣ ፀጉሩ ስስ።

«ብርዱ ሊገድልብኝ ነው፣ ኩብራዬ። ቆላ ለልጄ ለአመተ ማርያም አድርሺልኝ» አሏት።

ስትታመም ሐኪም ቤት ያደረሷት እሳቸው ናቸው። እሺ አለች። ግን አትነካውም። በእስልምና ውሻ የላሰው እጅ ሰባቴ ይታጠባል፣ አንዱ በአፈር። በሦስት ክንድ ገመድ ነው የምትስበው።

መጀመሪያ በረዶ ወረደባቸው። ውሻው ተንዘፈዘፈ። «ና አንተ!» እያለች ጎተተችው። ጉሙ ሲገለጥ ማዶ አውራ ጭላዳ ዝንጀሮ ታየው። ገመዱን በጥሶ ተወረወረ። ጭላዳው ጠርዙ ላይ ታጠፈ፤ ውሻው መታጠፍ አልቻለም።

አጎንብሳ አየች። ሁለት ሰው ቁመት ዝቅ ብሎ፣ ጓሳ የበቀለበት እርከን ላይ ወድቋል። ጎኑ ተቀዷል። ይንቀጠቀጣል።

ከኋላዋ ሰው ሳቀ። ከጎረቤላ ጀምሮ ሲከተላቸው የነበረው ሚዳቋ አዳኝ፣ ይሁኔ ነው።

«አብልተሽው አታውቂም እንዴ? አጥንት ብቻ!»

«ተፈጥሮው ነው። ገመድህን ወርውርልኝ።»

«ውሻውን ከሰጠሽኝ። ለእናንተ ውሻ ምን ያደርግላችኋል?»

«አደራ ነው።»

«እንግዲያ አደራሽ እዚያው ይደርቃል።»

ድንጋዩን እየቧጠጠች ወረደች። ጥፍሯ ተላጠ። ውሻው ጭራውን አንዴ ነቅነቅ አደረገ።

«ይነክስሻል!» ጮኸ ይሁኔ ከላይ።

«አንተን በነከሰህ!»

በጋቢዋ ጠቅልላ እንደ ልጅ አዘለችው። ወደ ላይ አይሆንም። ወደ ታች የፍየል መንገድ አገኘች። ወገቧ እየተቆረጠ ወረደች። ልቡ ጀርባዋ ላይ ይመታል። ሲዳከምባት «አንተ! እንዳትተኛ!» ትለዋለች። ሙቀቱ ከታች እየመጣ ተቀበላቸው።

አልዩ አምባ ሲደርሱ አመተ ማርያም ከደጇ ሮጣ መጣች። «ውይ! ተሸክመሽው?»

«ቁስሉን እጠቢለት። አልብሺው። ውሃ ደግሞ ስጪኝ።»

ኩብራ እጇን በአፈር አሸች፣ አጠበች። ስድስተኛው እጥበት ላይ ውሻው ከነብርድ ልብሱ እያነከሰ መጥቶ መዳፏን ላሰ።

አልገፋችውም። አፈር ዘገነችና እንደገና ከአንድ ጀመረች።